ኮርቻውን ገልብጣችሁ እዩት

ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የተገኘ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግልቢያው ላይ ነው። ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ፣ ሽምጡ ምድር እያንቀጠቀጠ፣ ጉግሱ ጦፎ፣ የስግሪያው ፈረስ አንገቱን ቀልብሶ ሲያልፍ ስፌት የሚያይ ሰው የለም። ስግሪያው ሲያበቃና ጋላቢው ሲወርድ ግን ወደ አንዱ ፈረስ ጠጋ በሉ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ኮርቻውን አንሡና ገልብጣችሁ እዩት። የላዩ ጥልፍ ለተመልካች የተሠራ ነው፤ የስሩ ግን ለፈረሱ ጀርባና ለባለ እጁ ኅሊና የተሠራ ነው። የእጅ ሙያ የሚለካው ማንም በማያየው በኩል ነው።

ኮርቻ ከመሠረቱ ዕንጨት ነው። ግራና ቀኝ በፈረሱ ጎድን ላይ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች አሉ፤ ከፊት ጋላቢው ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ብቅ ያለ ዕንጨት፣ ከኋላ ደግሞ ወገቡን የሚደግፍ ሌላ። ሁለቱን ሳንቃዎች ስታዩ መሃል ላይ እንደማይገናኙ ልብ በሉ። በመካከላቸው የተተወው ክፍተት የፈረሱ አከርካሪ የሚያልፍበት ነው። ክብደቱ ሁሉ የሚወድቀው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እንጂ በአጥንቱ ላይ አይደለም። ይህ ክፍተት በጣት ስፋት ጠብቦ ከተሠራ ፈረሱ በአንድ ቀን መንገድ ይላጣል፤ ሲደጋገም ገጣባ ይሆናል። ከልክ በላይ ሰፍቶ ከተሠራ ደግሞ ኮርቻው በሽምጥ ጊዜ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ጋላቢውም አብሮ ይወርዳል። ባለ እጁ በእጁ ሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ ሳይዝ፣ ፈረሱን በመዳፉ ዳስሶ፣ ሳንቃውን ጠርቦ፣ መልሶ ጀርባው ላይ አስቀምጦ፣ እንደገና ይጠርባል። የፈረስ ጀርባ እንደ ሰው ፊት የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የተስማማ ለሌላው አይስማማም።

ቀጥሎ ዕንጨቶቹ እንዴት እንደተያያዙ ተመልከቱ። በጥሩ የቆየ ኮርቻ ላይ ምስማር አታገኙም። ዕንጨቱ በወስፌ ይበሳና ውኃ ጠጥቶ በለሰለሰ ጥሬ ቆዳ፣ በጠፍር ይታሰራል። እርጥብ ጠፍር ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ባለ እጁ አስሮ ከሄደ በኋላም ጠፍሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ እያደር እየጠበቀ ዕንጨቱን ከዕንጨት ያጣብቀዋል። ምስማር ቢሆን የእንጅባራ ዝናብና የፈረስ ላብ ያዝገዋል፤ ዝገቱ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ኮርቻው ይላወሳል፤ ብረቱም ወደ ታች ወጥቶ ጀርባ ይወጋል። ጠፍር ግን ከዕንጨቱ ጋር ይታጠፋል፣ ከዕንጨቱ ጋር ይመለሳል። ቢበጠስም የተበጠሰውን ብቻ አውጥቶ በሌላ መተካት ይቻላል። አንድ ኮርቻ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲሠራ የሚጠገን ሆኖ ተሠርቷል።

ከዕንጨቱ በላይ ቆዳው ይለብሳል። እዚህ ላይ ጣታችሁን በስፌቱ ላይ አንሸራትቱት። ቀዳዳዎቹ እኩል ተራርቀው፣ ክሩ ወይም ቀጭኑ ጠፍር በእኩል ኃይል ተስቦ ከሆነ ጣታችሁ አይደናቀፍም። አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ከሆነ ቆዳው በጠበቀው በኩል ይቀደዳል። ጥሩ ሰፊ ክንዱ ሲደክም ያቆማል፤ ምክንያቱም የደከመ ክንድ የሚስበው ክር ከጠዋቱ ክር እኩል አይጠብቅም። ስፌቱ ዳር ላይ ሲደርስም ወደ ኋላ ተመልሶ ይደግማል፤ መተርተር የሚጀምረው ከዳር ስለሆነ።

ልጓሙና እርካቡ የቀጥቃጩ ድርሻ ናቸው። በአገራችን የተለመደው ልጓም የፈረሱን የታችኛውን መንጋጋ የሚከብብ የብረት ቀለበት አለው። ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ ጋላቢው ዛቡን በትንሹ ቢስብ ፈረሱ ይሰማዋል። ኃይለኛ ስለሆነም የቀጥቃጩን እጅ ይፈትናል። የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ በሞረድ ተለስልሶ ካልተጨረሰ የፈረሱ አፍ ይደማል፤ አፉ የደማ ፈረስ ደግሞ ልጓም ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። እርካቡንም እዩ። ዱሮ ጋላቢው በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ጠባብ ቀለበት ነበር። ጫማ ሲመጣ እርካቡ ሰፋ። ብረቱ ከዘመኑ ጋር ተለወጠ፤ የጠርዙ ልስላሴ ግን ዛሬም ያው ነው።

በመጨረሻ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይመጣል፤ ግላሱ፣ ጥልፉ፣ ከግንባርና ከደረት የሚንጠለጠለው ባለ ቀለም ዘርፍ። ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በግንባር ላይ የሚወዛወዘው ዘርፍ ዝንብ ከዐይን ያባርራል፤ ግላሱ ላብ ይመጥጣል፤ የጋላቢውንም ልብስ ከላብ ይጠብቃል። በአዊ የፈረስ ዕቃ ውበቱና ጥቅሙ በአንድ ስፌት የተያዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሙያ በአዊ የቆመው ባለቤት ስላለው ነው። ባለቤቱም አንድ ባለጸጋ አይደለም። ሰባት ቤት አገው ሲባል አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ጫራና መተከል ከሰባት ወንድማማቾች እንደሚመዘዙ ይተረካል፤ አገሩ ራሱን እንደ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ይቆጥራል። የዚህ ቤተሰብ ትልቁ የጋራ ንብረት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጥር 2016 ዓ.ም. ያከበረው በዓል 84ኛው ተብሎ ተቆጥሯል። አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። መነሻው በዐድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሰው እኩል የተዋደቀውን ፈረስ ማሰብ ነው። በዓሉ የጊዮርጊስ ዕለት መዋሉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና።

ማኅበሩ የሚሠራው ግን የበዓል ሥራ ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኞች በወግ ይሸኙታል፤ ሠርግ ሲሆን ያጅባሉ፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ሆነው ያስታርቃሉ፤ የተቸገረውን ይደግፋሉ። በከተማ ቋንቋ በጎ አድራጎት የሚባለው ሁሉ በውስጡ አለ። ያለ ቦርድና ያለ ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ተጀምሮ፣ መንግሥት እየተለዋወጠ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተሸጋገረ እዚህ ደርሷል። ፈረሱም የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በአዊ ደጋ ፈረስ ያርሳል፣ ጭነት ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል። ለበዓል የሚያጌጠው ጀርባ በማግስቱ ሥራ ላይ ነው። የፈረስ ዕቃ ሙያም የሚኖረው በዚህ የዘወትር ሥራ ነው።

በዓለም ላይ በዚሁ ሙያ ተነሥቶ ታላቅ ሀብት ላይ የደረሰ ቤተሰብ አለ። ቲየሪ ኤርሜስ በ1837 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የፈረስ ዕቃ መሥሪያ ቤት ከፈተ። ደንበኞቹ ሠረገላ የነበራቸው መኳንንት ነበሩ። ልጁ ሻርል-ኤሚል በ1880 ሱቁን ወደ ፎቡር ሴንት-ኦኖሬ ጎዳና ቁጥር 24 አዛወረውና ኮርቻ መሥራት ጨመረበት። የልጅ ልጁ ኤሚል-ሞሪስ መኪና መጥቶ ፈረሱን ከመንገድ ሲያስወጣው ሠራተኞቹን አልበተነም፤ የኮርቻውን ስፌት ወደ ሻንጣና ወደ ቦርሳ አሻገረው። ዛሬ ድርጅቱን የሚመራው አክሴል ዱማ ስድስተኛው ትውልድ ነው። ኮርቻ መሥሪያው ክፍል ግን ዛሬም በዚያው በቁጥር 24 ሕንፃ ላይ አለ።

ይህን ቤት ያቆመው አንድ ስፌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለ እጁ አንድ ሰም የተቀባ የተልባ እግር ክር ይወስድና ሁለቱ ጫፎች ላይ ሁለት መርፌ ያስገባል። በወስፌ በበሳው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱ መርፌዎች ከግራና ከቀኝ ተቃራኒ ሆነው ያልፋሉ። ክሩ በቆዳው ውስጥ እየተሻገረ ሁለቱንም ገጽ ይይዛል። አንዱ ስፌት ቢበጠስ የቀረው ግማሽ ክር ቦታውን አይለቅም። የልብስ ስፌት መኪና ይህን ማድረግ አይችልም፤ መኪናው የሚሰፋው በላይና በታች ክር ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ሌላውም ተከትሎ ይተረተራል። ለዚህ ነው ለጋላቢ ሕይወት የሚያስፈልገው ስፌት እስከ ዛሬ በእጅ የሚሰፋው። በኤርሜስ ቤት አንድን ቦርሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰፋው አንድ ሰው ነው፤ ምልክቱንም በውስጡ ያኖራል። ቦርሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥገና ሲመለስ ማን እንደሠራው ይታወቃል።

ይህ ቤተሰብ ሀብቱን እንዴት እንደጠበቀም ትምህርት አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤልቪኤምኤች የተባለው ግዙፍ የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ከድርጅቱ አክሲዮን ከ14 በመቶ በላይ በጸጥታ መያዙን ሲገልጽ፣ ዘመዳሞቹ ተሰብስበው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ድርሻቸውን በአንድ የጋራ ኩባንያ ውስጥ አኖሩት፤ ለ20 ዓመትም እንዳይሸጥ ተስማሙ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን አቋቁመው ነበር። ፋውንዴሽኑ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ነው፤ ልጆች በክፍላቸው ውስጥ ከባለ እጆች ጋር ተቀምጠው ቆዳ ይሰፋሉ፣ ዕንጨት ይሠራሉ፣ በጣታቸው ማሰብን ይማራሉ። በ2021 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የቆዳ ሥራ ሙያተኞች የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፈተ። ገንዘቡ ወደ መጣበት ወደ እጅ ተመለሰ። የዚህ ቤት ውርስ ስድስት ትውልድ የተሻገረው ሀብቱ ብዙ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ስፌቱን የሚያውቅ ቀጣይ ሰው በየዘመኑ ስለተዘጋጀ ነው።

ሌላው ታሪክ ደግሞ ወደ እኛ በግ ይወስደናል። የዳንግላን ገበያ የሚያውቅ ሰው የዋሸራን በግ ያውቃል። የዳንግላ በግ፣ የአገው በግ እያሉም ይጠሩታል። ጠጉሩ አጭር፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ቁመናው ያማረ ነው። ለቆዳ ባለሙያ ትልቁ ቁም ነገር ያ አጭር ጠጉር ነው። ሱፍ የሚያበቅል በግ ቆዳው ቅባታምና ልል ነው፤ አጭር ጠጉር ያለው የደጋ በግ ቆዳ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሳስቶም አይቀደድም፤ ጣት ላይ ሲለብስ የጣቱን ስሜት አይደብቅም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው።

ያንን ቆዳ አክብረው ከሠሩት አንዱ ፒታርድስ ነበር። ቻርልስ ፒታርድ በ1826 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሶመርሴት፣ በዮቪል ከተማ ያቋቋመው ቤት ነው። ዮቪል በጓንት ሥራ የታወቀች ከመሆኗ የተነሣ የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ በጓንት ሠሪዎች ስም ይጠራል። ቤቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከኢትዮጵያ ቆዳ ሲገዛ ኖሮ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤጀርሳ ያለውን የቆዳ ፋብሪካ ወደ ማስተዳደር፣ ቆይቶም ወደ መግዛት ደረሰ፤ አዲስ አበባ ላይም ጓንት አሰፋ። ይሁን እንጂ በ2023፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ገንዘቡ አልቆ ቤቱ በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ዕድሜ ብቻውን ቤት አያቆምም። ከፒታርድስ የቀረው ቋሚ ነገር ቆዳውን ማለስለስ፣ ማሳሳትና መስፋት የተማረው የሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ድርሻም በግልጽ መናገር ይገባል። የቆዳ ዋጋ የሚወድቀው ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ነው። ቅማልና የበግ መዥገር የሚያስከትሉት እከክ በሕይወት ባለው በግ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ነጠብጣቡ የሚታየው ጠጉሩ ወልቆ፣ ቆዳው ለፍቶ፣ ቀለም ሲነካው ነው። የቢላ ጭረት ደግሞ በበዓል ቀን በየቤታችን፣ በችኮላ ስንገፍ የምንፈጥረው ነው። ጥሩ ስፌት የሚጀምረው ከጥሩ አገፋፈፍ፣ ጥሩ አገፋፈፍ ደግሞ በጉን ከጥገኛ ከሚጠብቅ እረኛ ነው። ስለዚህ የዳንግላ ገበሬ በጉን ሲያሳክም ሳያውቀው የጓንት ሠሪው የሥራ ባልደረባ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአገራችን ፈረስ ስም አለው። ጀግናም በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ያ ሁሉ ስም የተሸከመውን ኮርቻ ግን ማን ሠራው? አናውቅም። የማናውቀው ስለተረሳ ብቻ አይደለም፤ ስሙን መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ነው። ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ብለን ሰድበናል። ከእጁ ኮርቻ ተቀብለን ከማዕዳችን አርቀነዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጅ ግን ብቻውን ልማድ አይነቅልም። ዛሬ ያ ስድብ በየአደባባዩ አይሰማ ይሆናል፤ ዋጋው ግን አሁንም እየተከፈለ ነው። የባለ እጅ ልጅ የአባቱን ሙያ መማር ያፈረው ገንዘብ ስለማያስገኝ ብቻ አይደለም፤ ክብር ስለማያስገኝም ነው።

አዊ ዛሬ አዲስ ሀብት እያየ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘርቶ፣ ከዚያም ሣሩን አጭዶ፣ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ሲደርስ ከሰል አክስሎ ብዙ ቤት በቆርቆሮ ከድኗል። ሀብቱ እውነተኛ ነው፤ የተገኘውም በገበሬው ብልኀት ነው። በኋላ ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ሀብት እንዴት እንደሚናጋ አሳየ። ከሰሉ ተሽጦ፣ የተገኘው ብር ሕንፃና መኪና ሆኖ፣ ሕንፃው ሲያረጅ መኪናው ሲቆም ለልጅ ልጅ ምን ይቀራል? ይህ ጥያቄ ለአዊ ነጋዴ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለሚኖረው የአዊ ተወላጅም ነው።

የኤርሜስ ቤት፣ የፒታርድ ቤት፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ታሪክ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ ሀብት ትውልድ የሚሻገረው የተበጠሰውን የሚጠግን እጅ አብሮ ሲሻገር ነው። እንጅባራ ለዚህ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ለፈረስ ዕቃ የማያቋርጥ ገበያ አላት፤ በ60 ሺህ የሚቆጠር ደንበኛ በአንድ ማኅበር ተደራጅቶ ተቀምጧል። በቀርከሃ ሥራ የሠለጠኑ እጆች በየመንገዱ ዳር ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራሉ። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከዳንግላም በጉ ይመጣል። የጎደለው ሙያውን ከሙያተኛው ተቀብሎ ለወጣት የሚያስተላልፍ፣ ለመምህሩም እንደ መምህር የሚከፍል አንድ ቋሚ የሥልጠና ቤት ነው። ለዚህ ብዙ ሚሊዮን አያስፈልግም። ወፍራም ጣውላ፣ ጥሩ ቆዳ፣ ስል ወስፌ፣ ያረጁ ምርጥ ኮርቻዎች የሚቀመጡበት መደርደሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአክብሮት ተጠርተው የሚመጡ አዛውንት ባለ እጆች ይበቃሉ። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ በስሙ ሊያቋቁመው ይችላል፤ ጥቂት ነጋዴዎች ተደራጅተውም ይችላሉ።

ማኅበሩም ከሚቀጥለው ጥር 23 ጀምሮ ያለ ምንም ወጪ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ፈረሱና ጋላቢው በመድረክ ሲጠሩ ኮርቻውን የሠራው፣ ልጓሙን የቀጠቀጠው፣ ግላሱን የጠለፈችው ሰው አብረው ይጠሩ። እያንዳንዱ አዲስ ኮርቻ በስሩ፣ ሳንቃው ላይ፣ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበት። ያ ስም በመጀመሪያ ለባለ እጁ ክብሩ ነው፤ ቀጥሎም ዋስትና ነው፣ ኮርቻው ሲበላሽ ማን ዘንድ እንደሚመለስ ይታወቃልና። ከሁሉ በላይ ግን ለልጁ ነው። አባቱ በአደባባይ በስሙ የተጠራለት ልጅ ወስፌውን አንሥቶ ከጎኑ ለመቀመጥ አያፍርም።